በመንገድ በኩል ያለው በር

«እኔ ያለፍሁ ዕለት ይህ ልጅ በየት በር ይወጣል?»

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ይህን ጥያቄ ይዘው ይነሣሉ፤ ይህንኑ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጠይቀው ጠይቀው መልስ አላገኙለትም። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ግንቦት ነበር። ታላቁ ጦርነት በስምምነት ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ የሐይቅ ከተማ ነጋዴዎች የተሰበረ መዝጊያቸውን አድሰው፣ የተዘረፈ መደርደሪያቸውን ሞልተው፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መንገደኛ እንደ ቀድሞው ይጣራሉ። ከከተማው በታች ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ይተኛል፤ ጉሙ ሲገፈፍ አስቀድሞ የሐይቅ እስጢፋኖስ ደን ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ የዓሣ አስጋሪዎች ታንኳ፣ ከዚያም በስተ ሰሜን፣ ራቅ ብሎ፣ የአምባሰል አምባ። የወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ዓይን ግን ያን ያህል ርቆ አይሄድም፤ ከግቢያቸው ታች፣ መንገዱን ተጠግታ በተሠራች አንዲት በር ላይ ይቀራል።

ቤቱ ከሟች ባላቸው ከሃምሳ አለቃ መልከ ጼዴቅ የቀረ ነው። ሃምሳ አለቃ ወታደር ነበሩና ቤት ሲሠሩም ምሽግ የሚሠሩ መስሏቸው ከዳገቱ ወገብ ላይ አወጡት፤ ከመንገድ ወደ ላይ የሚያደርሰው የድንጋይ ደረጃ ጠባብና ገደላማ ነው። በዚህ ቤት ወይዘሮዋ ሁለት ሴቶች ልጆች አሳደጉ። ታላቂቱ የኋላሸትን ወልዳ በሕፃንነቱ ሞተችበት፤ እሱን በሃምሳ አለቃ ስም አስጠርተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ታናሺቱ ማርታ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ማርታ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ በጠባብ ኪራይ ቤት ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ባሏ ግን በመጣ ቁጥር ግቢውን በእርምጃ ይለካል። ይህን ወይዘሮዋ በመስኮት አይተውታል። እሳቸው ሲያልፉ ቤቱ ተሸጦ ለወራሽ ይካፈላል፤ ያን ጊዜ ለየኋላሸት የሚደርሰው ገንዘብ እንጂ በር አይደለም፤ በር ደግሞ ለእሱ እንደ ሌላው ሰው በየሄደበት የሚገኝ ነገር አልነበረም።

የኋላሸት ዓሣ አስጋሪ ነበር። በሁለት ሺህ አሥራ አራት የጥቅምት ማለቂያ፣ ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲጠጋ፣ መንገዱ በሸሺ ሕዝብ ስለ ተጨናነቀ መራመድ ያቃታቸውን ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች በታንኳው ሲያሻግር ሰነበተ፤ ታንኳውን ሊያስር ጎንበስ ባለበት የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ጀርባውን መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ከወገቡ በታች ግን አልታዘዝ አለው። ከሆስፒታል ሲመለስ በዚያ ደረጃ ዊልቸሩን ይዞ መውጣትም መውረድም አልተቻለም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው የቅሬው ሰዎች በሬሳ ቃሬዛ ተሸክመው ሲያወርዱት ነበር፤ ቅሬ በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። አንድ እሑድ ተሸካሚዎቹ ሲመጡ አልነሣም አለ።

«በዚህ ቃሬዛ የወጣ ሰው አይመለስም» አለ፤ «እኔ ደግሞ በየሳምንቱ መሞት ሰለቸኝ።»

ሰዎቹ መሳቅም ማልቀስም አቃታቸው። ይህን የሰሙት የቅሬው ዳኛ ሼህ ኑርሁሴን ነበሩ፤ የወይዘሮዋ የቅርብ ጎረቤት፣ ነጭ ጢማም፣ ነገር ሲያስቡ የሙስበሃቸውን ዶቃ የሚቆጥሩ ሽማግሌ። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ጀመዓ፣ ይህ ልጅ ሲሞት ጉድጓድ ልንቆፍርለት ቃል አለብን። ወላሂ፣ በቁሙ መሠረት ብንቆፍርለት ይሻላል!»

ተስማሙ። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጉልበት ይዞ መጣ፤ ከግቢው ታች፣ ከመንገዱ ትክክል፣ አንዲት ክፍል ሠሩ፤ በሯን ወደ ግቢው ሳይሆን ወደ መንገዱ አዞሩት፤ ከደፉ እስከ አስፋልቱ ደረጃ የሌለው፣ በሲሚንቶ የተደለደለ ዝቅዝቅ መውጫ አበጁለት። ወደ ግቢው ደግሞ አያትየው የሚመላለሱባት ትንሽ መዝጊያ ተዉ። ይህች የመንገድ በር እንግዲህ የመከራው ሁሉ መጀመሪያ ሆነች፤ በጊዜው ግን መከራ ትሆናለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

የሚገባበት ቀን ሲደርስ የኋላሸት አንድ ነገር አመጣ።

«በተከራይነት ከሆነ እገባለሁ» አለ፤ «ካልሆነ እዚሁ ላይ እቀራለሁ።»

«ምን ነካህ ዐለምየ?» አሉ ወይዘሮዋ። «የልጅ ልጄ ነህ እኮ! በገዛ ቤትህ?»

«የልጅ ልጅነቱ የትም አይሄድም፣ እምየ። ግን ትላንትና ዓሣ ሸጬ በርበሬሽን፣ ጨውሽን የማስገባው እኔ ነበርሁ። ዛሬ የት ነው የምትኖር ሲሉኝ ‹አያቴ ትጦረኛለች› ማለት አልችልም። ተከራይቼ ልበል። ተይኝ፣ ተከራይቼ ልበል።»

ወይዘሮዋ እሺ አሉ፤ ምን ያድርጉ? ልጁ ከዚያ ደረጃ ይውረድላቸው እንጂ እንኳን ተከራይ፣ ባለርስት ነኝ ቢል እሺ ይሉት ነበር።

የኋላሸት በክፍሏ ውስጥ የተቀደደ መረብ መጠገን ያዘ። ድሮም እጁ ለመረብ የተፈጠረ ነበር፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ አምባዛ የበጣጠሰውን መረባቸውን በዚያች በር ወርውረውለት ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ተጠግኖ ይጠብቃቸዋል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በግቢው መዝጊያ በኩል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፦

«አከራይቱ! ነይ ተቀበይ፤ ኋላ ከፈለ አልከፈለ እንዳትይኝ!»

«ደጅህን ጠርገሃል?» ይላሉ ወይዘሮዋ እየወረዱ። «ዛሬም የዓሣ ቅርፊት ባይ አስወጣሃለሁ፤ ተከራይ ሞልቶኛል!»

«ይችን ሴትዮ ትሰማላችሁ?» ይላል ወደ አስጋሪዎቹ ዞሮ። «ጣራዋ ያፈሳል፤ አፏ አያርፍም። እንኪ በይ፤ ለጨውሽ ይሁን።»

አስጋሪዎቹ ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል፤ ወይዘሮዋም ስቀው ይቀበሉና ደረጃውን ሲወጡ ሳቁ ከፊታቸው ይረግፋል። ከዚህ ከተሰበረ ልጅ እጅ ተቀብሎ ጨው መግዛት እንዴት ይሆንላቸዋል? ብሩን በአሮጌ ነጠላ ጥለት እየቋጠሩ ከሣጥናቸው ሥር ያኖሩታል። ‹ለእሱው ነው› ይላሉ ለራሳቸው፤ ‹እኔ ስሞት ያገኘዋል።› አንዲት ሳንቲም አልነኩም። ጨዋቸውን የሚገዙት ከሃምሳ አለቃ ጡረታ ነበር።

ጥያቄያቸው የበረታው በዚያ ግንቦት ነው። ሳል ጀምሯቸው ነበርና ጊዜዬ ደርሷል ብለው ሠጉ። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዱ፤ ሴት ከምትቆምበት ከደጁ ቆመው ሻማቸውን በዲያቆን እጅ ሰደው ስለ በሩና ስለ ልጁ ጸለዩ። ሲመለሱ ቁርጣቸውን ቆርጠው ነበር፦ ቤቱን በቁሜ በስጦታ በስሙ አዞርለታለሁ፤ ማርታ ታልቅስ፣ ባሏም ይለካ።

ነገሩ የተቆረጠው ግን እሳቸው በገዳሙ ደጅ በቆሙበት በዚያው ጠዋት ነው። መንግሥት የኪራይ ቤቶችን ይመዘግባል እየተባለ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰንብቶ ነበር፤ ሰዑድ የሚባል የአርዲቦ ተወላጅ፣ ጨዋ የግብር ሠራተኛ፣ ከቀበሌ ሰው ጋር ቤት ለቤት ይዞር ነበር። ወደ መንገድ የዞረችውን በር አየና አንኳኳ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው?»

«አንተ በለኝ፤ ገና ሽበት አላበቀልሁም» አለ የኋላሸት ከመረቡ ቀና ብሎ። «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ ተከራይ ነኝ።»

«ኪራይ ትከፍላለህ?»

«ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን! ዘግይቼ አላውቅም። ያችን ሴትዮ አታውቃትም፤ አንድ ቀን ባሳልፍ ከነመረቤ ትጥለኛለች።»

መረብ ሊያደርሱ የመጡት አስጋሪዎች ሳቁ፤ ሰዑድም ሳቀ፤ እየሳቀም ጻፈ። «እዚህ ላይ ፈርምልኝ» አለው። የኋላሸት እጁን ከመረብ ክር አጽድቶ፣ እንደ ባለሥልጣን ረጅም ፊርማ ፈረመ። ከቆሰለበት ቀን ጀምሮ በራሱ ስም፣ ስለ ራሱ ጉዳይ፣ ማንም ሳይደግፈው የፈረመው የመጀመሪያ ወረቀት ነበርና ደስ አለው፤ ለአያቱም መንገሩን ረሳ።

በሰኔ መጀመሪያ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ሼህ ኑርሁሴንን ይዘው ስጦታውን ሊያስመዘግቡ ሄዱ። ከግብር ዕዳ ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ ክሊራንስ አምጡ ተባሉ፤ ክሊራንስ ፍለጋ ግብር ቤት ሲገቡ ከሰዑድ ጠረጴዛ ደረሱ። ሰዑድ ስማቸውን አይቶ ወንበር ሳበላቸው።

«እማማ፣ ስጦታውን የሚከለክልዎ የለም» አለ በትሕትና። «ግን መጀመሪያ የኪራይ ገቢ ግብርዎ ከነቅጣቱ ይከፈል። ያለ ክሊራንስ ስም አይዛወርም።»

«የምን ኪራይ ነው ልጄ?»

«በመንገድ በኩል ያለችው ክፍል። ተከራዩ ራሱ ፈርሟል።»

«ያ ረቢ!» አሉ ሼህ ኑርሁሴን። «ተከራዩ የልጅ ልጃቸው ነው እኮ! የቆሰለ ልጅ ነው፤ በሩንም የሠራነው እኛ ነን።»

«የልጅ ልጅም ቢሆን ኪራይ ከከፈለ ተከራይ ነው፣ ሼህ። ሳይከፍል የሚኖር ከሆነ ግን ገቢ የለም፤ ገቢ ከሌለ ግብር የለም። የትኛው ነው?»

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በልባቸው አወጡ አወረዱ። ይከፍላል ቢሉ የሚጠየቁት ግብርና ቅጣት እንደ መንገድ ዳር ሱቅ ተገምቶ የሃምሳ አለቃ ጡረታም ያ ቋጠሮም የማይደርስበት ነው፤ ቦታ ቆርሶ ካልተሸጠ አይከፈልም፤ ለመሸጥ ደግሞ ያው ክሊራንስ ይጠየቃል። አይከፍልም ቢሉ ልጁ ሐሰት ፈረመ ማለት ነው። ስጦታውን እተወዋለሁ ቢሉ የማርታ ባል አለ። በረት እንደ ገባ ከብት በየማዕዘኑ ዞሩ፤ በየማዕዘኑ ግድግዳ ሆነባቸው።

«የማይከፍል ከሆነስ፣ ምን ይደረጋል?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ጎረቤት በቀበሌ ይመስክር፤ ልጁ ሠርቶ ራሱን የማያስተዳድር፣ በእርስዎ የሚጦር መሆኑ ይጻፍ። እሱም የሰጠውን ቃል ያርም። ያን ጊዜ እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሼህ ኑርሁሴን ከመንገዱ መካከል ቆሙ።

«አብሽሪ እህቴ፤ ልጁን ቁጭ አድርገን እንንገረው። ልብ ያለው ልጅ ነው፤ ይገባዋል።»

«አይነገረውም!» አሉ ወይዘሮዋ የሼሁን ኩታ ጫፍ ጨብጠው። «እባክዎን፤ በሚወዱት ይሁንብዎ። ‹ትጦረኛለች አልልም› ብሎ አይደል ከዚያ ክፍል የገባው? ይህን ከሰማ ይሞትብኛል። እኔና አንቱ እንመስክር፤ ሳይሰማ ይለቅ።»

«ፊርማውስ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

ሼሁ ሙስበሃቸውን ሲቆጥሩ ቆይተው፣ ልባቸው ሳይወድ፣ እሺ አሉ። በማግስቱ በቀበሌ ቀርበው መሰከሩ። ያስገነቡለትን በር ‹የሚጦር ሰው በር› ብለው ሲያስጽፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ ይባላል።

ወይዘሮዋ አንድ ጊዜ ሊነግሩት ሞክረው ነበር። በግቢው መዝጊያ ገብተው ከአጠገቡ ተቀመጡ፤ የመረቡን ጫፍ ያዙለት። የኋላሸት ያን ቀን ፊቱ በርቶ ነበር።

«ጥሩ ቀን መጣሽ፣ አከራይቱ። የአስጋሪዎቹ ማኅበር የሚጠገን መረቡን ሁሉ ለእኔ ሊሰጥ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ኪራይ እጨምርልሻለሁ።»

«ኧረ አይጨመር!» አሉ ደንግጠው።

«ጉድ ነው! ኪራይ ሲጨመርላት የምትቆጣ አከራይ በሐይቅ ምድር አንቺ ብቻ ነሽ።» ሳቀ። «ጨው ተወዷል ሲሉ እሰማለሁ። ተቀበይ እንጂ።»

ወይዘሮዋ መረቡን ለቀው ተነሡ። ‹ነገ እነግረዋለሁ› አሉ ለራሳቸው፤ ነገም በሌላ ነገ ተተካ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከአምባሰል በኩል ጠቁሮ መጥቶ ከተማውን ሲደበድብ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ተጠልለው የየኋላሸት ክፍል ሞልቶ ነበር። ሰዑድ ወረቀቱን በልብሱ ሸፍኖ በመንገዱ በር ገባ፤ ወይዘሮዋና ሼህ ኑርሁሴንም ከላይ አይተውት በግቢው መዝጊያ ተቻኩለው ወረዱ።

«ለብቻችን ብንሆን ይሻል ነበር» አለ ሰዑድ ቤቱን ሙሉ ሰው አይቶ።

«ከእነዚህ የምደብቀው የለኝም» አለ የኋላሸት። «ኪራይ ከሆነ የሰኔንም የሐምሌንም ከፍያለሁ።»

ሰዑድ አንገቱን ደፋ። «ጉዳዩ እሱ ነው። አያትህ ኪራይ አትከፍልም ብለው አመልክተዋል፤ ምስክርም ቀርቧል። እዚህ የተጻፈው…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ክፍሏ ግን ጠባብ ነበረችና ሁሉም ሰማ፤ «‹ሠርቶ መብላት የማይችል፣ በአያቱ የሚጦር› ይላል። እውነት ከሆነ ቃልህን ታርማለህ።»

የመረቡ መርፌ በየኋላሸት እጅ ላይ ቆመ። ወደ ሼሁ አየ፤ ሼሁ ሙስበሃቸውን ያያሉ። ወደ አያቱ አየ።

«እሱ ይከፍላል፤ ስንት ጊዜ ሲከፍል አይተናል!» አለ ከአስጋሪዎቹ አንዱ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ነገሩ ሁሉ የሚፈርስ መሰላቸው። ቤቱ፣ ስጦታው፣ በሩ፣ ሁሉም በዚህ አንድ ቃል ሊሄድ ነው። ሲወርዱ በፍርሃት ከነጠላቸው ሥር ይዘውት የመጡትን ቋጠሮ አውጥተው በሰዑድ ፊት ፈቱት።

«ጨዋታ ነው፣ ጌታየ! ልቡ እንዳይሰበር ነው የተቀበልሁት። ገቢ አይደለም፤ ይኸው፣ እንዳለ አለ፤ የሱው ነው!»

ብሮቹ እንደ ታጠፉ፣ አንዳንዶቹ የዓሣ ሽታ እንደ ያዙ፣ በአሮጌው ጥለት ላይ ተዘረገፉ። ማንም አልቆጠራቸውም። ዝናቡ ብቻ በቆርቆሮው ላይ ይጮኻል።

«ሁሉም እዚህ ነው?» አለ የኋላሸት በጣም ቀስ ብሎ።

«ሁሉም፣ ዐለምየ! በማርያም፣ አንዲቷን አልነካሁም!» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት።

«ጨውም አልገዛሽበትም?»

«አንዲት ቅንጣት ጨው አልገዛሁበትም!»

የኋላሸት ራሱን ነቀነቀ። እጁን ለሰዑድ ዘረጋ፤ ሰዑድ ወረቀቱን ሰጠው፤ ተቀብሎ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ፤ የዛሬው ፊርማ አጭር ነበር። ወረቀቱን መለሰ፤ መርፌውን በመረቡ ዓይን ሰክቶ መረቡን አጥፎ ወደ ጎን አኖረው።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች የሐይቅ ከተማ መቼ እንደ ተያዘች፣ መቼም እንደ ተለቀቀች መዝግበዋል፤ ታንኳ እየቀዘፈ ሽማግሌ ያሻገረውን ሰው ስም ግን የመዘገበ የለም። የግብር መዝገቡም በበኩሉ ስለዚያች ክፍል ‹ተከራይ የለም› ብሎ ጽፎ ዘጋ፤ በዚያው ቃል ክሊራንሱ ወጣ፤ ቤቱም አዲሱ ዓመት ሳይገፋ በየኋላሸት መልከ ጼዴቅ ስም ዞረ፤ የማርታም ባል መለካቱን ተወ። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል የፈለጉትን አገኙ፤ ከጸለዩት አንድም አልጎደለባቸውም። ነገር ግን በሐይቅ ከተማ፣ ከጦርነቱ ማግስት፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የጣሪያውን ዋጋ በላቡ ከፍሎ የሚያድር አንድ ተከራይ እንደ ነበረ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም፤ የሚያውቁትም በዚያ ከሰዓት በዝናብ የተጠለሉት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አያወሩትም።

ያን ዕለት ግን ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። የኋላሸት ዊልቸሩን ወደ መንገዱ በር አዞረ። አስጋሪዎቹ ግድግዳ ተጠግተው አሳለፉት፤ ሼህ ኑርሁሴን ኩታቸውን አውልቀው ሊያለብሱት ዘረጉ፤ አላየውም። ወይዘሮዋ «ትረጥባለህ፣ ዐለምየ፤ ወዴት ነው?» ሊሉ ፈልገው አንድ እርምጃ ብቻ ተከተሉት። ግንቦትን፣ ሰኔን፣ ሐምሌን ሙሉ ሲጠይቁት የነበረው ጥያቄ ሳያልፉ፣ በቁማቸው፣ በዓይናቸው ፊት ሲመለስ ቆመው አዩት፦ ልጁ በዚያች በር ደፍ አለፈ፤ ቅሬው የደለደለለትን ዝቅዝቅ መውጫ ማንም ሳይገፋው ወረደ፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ሄደ።